በአባያዋ ጠርዝ የሰፋችው ስም

እኛ በመጣንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ ሰው ስሙን ከባሕሩ ማዶ ጥሎት ነበር የሚሻገር። አትሳቁ። አንተ ጀማል፣ ቅድም ምሳ ላይ «መኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ ላይ አብዱልመጂድ ነኝ፣ አሠሪው ከፊሌ አብዱልመጂድ ብሎ ሲጠራኝ ዞሬ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብለህ ስታስቃቸው እኔ አልሳቅሁም። አይተኸኛል። «አባባ ዛሬም ዝም አሉ» አልክ። ዝም ማለት ልማዴ ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት ሐሪስ ሆኜ የሰው ሕንፃ በር ላይ ስቀመጥ፣ ሰላም ከማለትና በር ከመክፈት ሌላ ብዙ ቃል አልፈጀሁም። ዛሬ ግን ላውራ። አንተ ደግሞ፣ ከጀማል ጎን ያለኸው፣ ፊደል የቆጠርከው፣ ያን ደብተርህን አምጣና ጻፍ። እንዳልኩት ጻፈው። አታሳምረው፣ እኔንም አታሳምረኝ።

እናንተ ጋ እዚህ ጀራዲያ ሰፈር የመጣሁት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከፊሌ ሞተ፣ ልጆቹ «ሐጂ፣ ኸላስ፣ በቃህ፣ አርጅተሃል፣ አገርህ ግባ» ብለው የመውጫ ወረቀቴን አስመቱልኝ። በሚመጣው ሳምንት ሄጃለሁ። እና ታዲያ ዛሬ የማወራው የምሄድ ሰው ስለሆንኩ ነው። ደፍሬ አይደለም። እሱንም ጻፍ።

እዚሁ ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር ውስጥ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ነበር የምጠብቀው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች አንዲት ልጅ አመጡ፣ የኛ አገር ልጅ። ሠራተኞቹ ቆሻሻ ይዘው ሲወርዱ በሊፍት አይወርዱም፣ ይሸታል ይባላል፣ እና በደረጃ ነው። ሌሎቹ ዱብ ዱብ ብለው ይወርዳሉ፣ ይቺ ግን ከፎቅ ፎቅ እየቆመች፣ ግድግዳ እየያዘች ነው የምትወርድ። ታች ስትደርስ ትንፋሿ እንደ ሽማግሌ ትንፋሽ ነው፣ እንደኔ። ሐበሻ መሆኔን አየችና «አባባ፣ ደህና አደሩ?» አለችኝ።

«ደህና። ስምሽ ማነው ልጄ?»

ዞር ዞር ብላ አየችና «የቱን ነው የሚፈልጉ? የላዩን ነው የታቹን?» አትለኝም!

«የላዩ ምንድነው?»

«ሦስተኛ ፎቅ ሳሚያ ነኝ። እዚህ ቆሻሻው ጋ ስደርስ ታንጉት ነኝ።»

ታዲያ እንዲህ ነው የተዋወቅነው። የጋይንት ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፣ ማተቧን ወገቧ ላይ ነው የምታስር። ደላላው ሳሚያ ብሎ ወረቀት አወጣላት፣ ዕድሜም ጨመረላት። «ሳሚያ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ታንጉት ሃያ አንድ። ስድስቱን ዓመት ደላላው ነው አምጦ የወለደኝ» ትላለች። ትቀልዳለች። እኔ የማልናገር ሰው ነኝ፣ ግን በቀን ሁለቴ ቆሻሻ ይዛ ስትወርድ መጠበቅ ለመድኩ። ከዚያ ላይ ማዳሟ በደረጃው ቀዳዳ «ሳሚያ! ያ ሳሚያ! ወይን ኢንቲ?» ትላለች፣ የት ጠፋሽ ማለቷ ነው፣ እሷ ደግሞ ወደ ላይ አንጋጣ «ና'ም ማዳም!» ብላ አቤት ትልና ወደኔ ዞራ «አዩዋት፣ ሳሚያን ነው የምትጠራ፣ እኔ ምን አገባኝ» ትላለች። እንዲህ ያለች ልጅ።

ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ይኸንንም ጻፍ። የልጅቱ ትንፋሽ አላምር ሲላት ራሷ ሐኪም ጋ ይዛት ሄደች። ልጅቱ ተመልሳ መጣችና እዚያ የደረጃው የመጨረሻ እርከን ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ልቤ በሩ አይዘጋም አሉኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ደሙ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። በሩ ላልቷል። አንቱ ሐሪስ አይደሉ እንዴ? ይምጡና ይዝጉልኝ እንጂ!»

ብላ ሳቀች፣ ሳቁ ሳል ሆነባት። እኔ አልሳቅሁም። «ምን ይሻላል አሉ?» አልኳት።

«ቀዶ ጥገና። እዚህ አይሆንም፣ አገርሽ ሂጂ አሉኝ። ልጅ ሳለሁ ደግሞ የአገሬ ሐኪም ለእናቴ ምን አላት መሰለዎት? ይኸ ውጭ አገር ካልሆነ አይሆንም። ይኸው ውጭ አገር መጣሁ።»

ከዚያ «አባባ» አለችኝ፣ «ሳሚያ ብትሞት የሚያለቅስላት የለም፣ የወለዳት የለማ። ታንጉት ደግሞ በወረቀት ከጋይንት አልወጣችም፣ እዚህ የለችም። ታዲያ እኔ የምሞተው ማን ሆኜ ነው? የኖርኩትስ? ሦስት ዓመት የሰው ልብስ ያጠበችው ማናት?»

እኔ ሽማግሌው ምን አልኩ? «አላህ ያውቃል» አልኩ። አላህ እንደሚያውቅማ እሷም ታውቃለች። የጠየቀችው እኔን ነበር። ሰማችሁ? እኔ ደግሞ መልሱን ከማንም በላይ የማውቅ ሰው ነበርኩ። እመጣበታለሁ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ከጎረቤት ሕንፃ አንዲት ሠራተኛ ሞተች። ታማ ሳትታይ፣ በድንገት። ከፊሏ ሐዋ ነበር የሚላት። ወረቀቷ ላይ ያለውን የአገር ቤት ስልክ ደወሉ፣ የደላላው ሆኖ ተገኘ፣ ዝግ ነው። አርብ ከሰዓት የኛ ልጆች እዚሁ ጀራዲያ አንዷ ቤት ለቅሶ ሊቀመጡ ተጠራሩ። ማዳም ለታንጉት «ከሐጂ ጋር ከሆነ ሂጂ» አለቻት፣ እኔን ታምነኛለች። በታክሲ ይዣት መጣሁ። ሴቶቹ ውስጥ ሆኑ፣ እኔ የውኃ ካርቶን አግብቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በር ላይ መቀመጥ ሥራዬ ነው።

አገራችን እንዴት ነው የሚለቀስ? አልቃሿ ተነሥታ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ የአባቱን ስም ትጠራለች፣ አገሩን፣ ሥራውን፣ ከዚያ ነው የሰው እንባ የሚመጣ። እና አንዷ ድምፀ መልካም ተነሣች። «ወይኔ እህቴ፣ ወይኔ እህቴ፣ ወይኔ እህቴ...» ስሙ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀጥ። ከዚያ አንዷ «ብርሃን ናት ስሟ» አለች። ሌላዋ «ኧረ ለኔ ዘነቡ ነኝ ነው ያለችኝ» አለች። «ብርሃንማ አገር ቤት ያለች እህቷ ናት!» «አንቺ ከየት ታውቂያለሽ?» «አብሬያት ነዋ የመጣሁ!» «አብረሽ ከመጣሽማ አባቷን ንገሪና!» ታዲያ ለቅሶው ክርክር ሆነ። ክርክሩም አለቀ። ሳያለቅሱ፣ ሳይጠሯት፣ ውኃውን ጠጥተው ተበተኑ።

ታንጉትን በታክሲው መለስኳት። በማግሥቱ ጠዋት ቆሻሻ ይዛ ወረደችና፣

«አባባ፣ ዲራ ገበያ ሲሄዱ ቀይ ክርና ወፍራም ያልሆነ መርፌ ይግዙልኝ» አለች።

«ለምንሽ ነው?»

«ሥራ አገኘሁ።»

«ሥራማ አለሽ አይደል?»

«እሱ የሳሚያ ነው።»

ዲራ ሄጄ ገዛሁላት። ከዚያ በየሳምንቱ ሆነ። የክር ነጋዴው የመናዊ ነው፣ «ሐጂ፣ በዚህ ዕድሜህ ልብስ ሰፊ ሆንክ?» እያለ ይስቅብኛል። ሥራዋ ምን መሰላችሁ፣ የየቤቱ ሠራተኛ ልጆች ከላይ የሚደርቡትን ረጅም ጥቁር ልብስ፣ አባያቸውን፣ በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ አድርገው የሐሪስ ክፍሌ ውስጥ ያስቀምጣሉ። እሷ ስትወርድ ትወስዳለች። እረፍቷ ላይ፣ ማዳም የከሰዓት እንቅልፏን ስትተኛ፣ የአባያውን ጠርዝ ፈትታ፣ በውስጥ በኩል በቀይ ክር ትሰፋበታለች፣ ከዚያ ጠርዙን መልሳ ታጥፈዋለች። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም፣ የአባት ስም፣ አገር፣ ለማን እንደሚነገር። ማዳም አንድ ቀን አየቻት። «ወሽ ሃዳ?» አለቻት፣ ምንድነው ይኼ? «ጌጥ ነው ማዳም።» «ጌጥ በውስጥ በኩል?» «የኛ አገር ጌጥ በውስጥ ነው» አለቻት። ማዳም ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

እና ልጆቹ ይመጣሉ። አራተኛ ፎቅ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ ስትመጣ ኩሩ ነበረች፣ «እኔ አልሞትም፣ አልፈልግም» ያለችው፣ በሦስተኛው ቀን አባያዋን ይዛ መጣች። «የናቴ ስም ይጨመርበት?» «ይጨመራል።» «የነፍስ አባቴስ?» «አንቺ፣ አባያ ነው እንጂ የዕድር መዝገብ አይደለም!» ትላታለች ታንጉት። እንዲህ እየተሳሳቁ። ጸሐፊዋ ይሏት ጀመር። ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ ግን ጸሐፊዋ አሏት። እኔ በር ላይ ሆኜ አያለሁ፣ እግሯ አብጧል፣ ደረጃው ላይ ድሮ አንዴ የምትቆምበት አሁን ሁለቴ ትቆማለች፣ ፊቷ ግን በራ። አንድ ቀን «አባባ፣ አሁን ማን ሆኜ እንደምሞት አውቃለሁ» አለችኝ። «ማን ሆነሽ?» «የሰው ስም የምትጽፍ ታንጉት።» ስለ ሞት ነው የምታወራው፣ ግን ደስ ብሏት ነው።

እዚህ ላይ ውኃ ስጡኝ። አሁን የማፍርበት መጣ።

አንድ ቀን ከአስር ሰላት ስመለስ የክፍሌ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቆየችኝ። «አባባ፣ ሁሉን ጨረስኩ፣ አንቱ ቀሩ» አለች።

«እኔ ምን ያደርግልኛል፣ አርጅቻለሁ።»

«ስላረጁ ነዋ! ስምዎት ማነው?»

እና «ከማል» አልኳት።

ልጆቼ፣ እኔ ከማል አይደለሁም። እናንተም እስከ ዛሬ ሐጂ ከማል ነው የምትሉኝ፣ አይደለሁም። ከማል የባቲ ልጅ ነበር፣ ጓደኛዬ። በልጅነታችን ሰነዓ አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። እሱ ወደዚህ የሚያስገባ ቪዛ ፓስፖርቱ ላይ ተመቶለታል፣ እኔ ምንም የለኝም። ትኩሳት ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሲታመም ፓስፖርቱን «አንተ ያዝልኝ» ብሎ ኪሴ ከቶት ነበር። ከቀብሩ ስንመለስ ደላላው ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ አየህ ድምፁ እንኳ አልተረሳኝም፣ «ፎቶ መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ቪዛው ከሚቃጠል» አለኝ። የአፈሩ ጭቃ ከእጄ አልለቀቀም። እሺ አልኩ።

እና ከማል ሆኜ ገባሁ። በኋላ የጣት አሻራ ሲመጣም አሻራዬን በከማል ስም ሰጠሁ። ለእናቱ አላሳወቅሁም። እንዴት አድርጌ? ከማል ሞተ ብዬ ከላክሁ፣ ሪያድ ያለው ማነው ሊባል ነው? ከስንት ዓመት በኋላ ዲራ ገበያ ላይ አንድ የባቲ ሰው አገኘኝ። «ስምህ ከማል ነው አሉኝ፣ ከማል ስለሚባል ልጇ ከሳዑዲ የመጣውን ሰው ሁሉ የምትጠይቅ አንዲት እናት አለች፣ አንተ እንኳ ፊትህ አይመስልም፣ ምናልባት ታውቀው ይሆን?» አለኝ። ምን አልኩት? «አውቀዋለሁ» አልኩ። «ደህና ነው በላት።»

ደህና ነው በላት አልኩት። ጻፍከው? ጻፈው።

ታዲያ ታንጉት ስሜን ስትጠይቀኝ «ከማል» አልኳት፣ የአባቱን ስምና አገሩን ባቲንም ጨመርኩላት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ዐይኗ ትልቅ ነው። «እናትዎ ያወጡልዎት ነው?» አለች። «አዎ።» «ይማሉ?» «ወላሂ» አልኳት። በአላህ ስም፣ ለምትሞት ልጅ። ምን ትሆነኝ ነበር? ለማን ታወራብኝ ነበር? ግን ሰው ውሸትን ሲያረጅበት፣ እውነቱ ከአፉ አይወጣለትም።

ከሁለት ቀን በኋላ የመዳፍ ያህል ነጭ ጨርቅ፣ በቀይ ክር የተሰፋበት፣ አጣጥፋ ሰጠችኝ። «አንቱ አባያ የለዎት፣ ኪስዎ ይያዙት» አለች። እኔ አላነብም። በጣቴ ዳበስኩት። «ምነው ረዘመ?» አልኳት። «የአባትም፣ የአገርም ስም አለበታ» አለችኝ። ኪሴ ከተትኩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ሱሪ ስቀይርም እሱን እቀይራለሁ። ግን በዳበስኩት ቁጥር ከማል የሚለውን የዳበስኩ ይመስለኝና እጄን አወጣለሁ።

ከዚያ ብዙ አልቆየችም። ጠዋት ነው፣ ከደረጃው ላይ የላስቲክ መውደቅ ሰማሁ። ሮጥኩ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሻሻው ተበትኖ፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። የሕንፃውን ሹፌር ልጅ ጠርቼ ተሸክመን አወረድናት። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጄን ይዛ «አባባ፣ አባያዬን እንዳይጥሉት» አለችኝ።

«አይጣልም።»

«ጠርዙን...»

«አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ።»

«ይንገሩልኝ።»

«እነግራለሁ» አልኩ። አልምል አልኩ፣ ቃል ብቻ ሰጠኋት። እሷም መሃላዬን ታውቀው ኖሮ ነው መሰል፣ ይማሉልኝ አላለችም።

በአምስተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት፣ ከፊሏ፣ ወደ ክፍሌ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ዐይኑ ቀልቷል። «ሐጂ፣ ሳሚያ፣ አላህ ይማራት። አንተ የአገሯ ሰው ነህ፣ ና አብረን እንሂድ» አለኝ። ሄድን። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ጸሐፊ ክፍል አስገቡን። ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የታሰረ ዕቃዋ አለ፣ አባያዋ፣ የተቆለፈ ስልኳ፣ የተበጠሰ ማተቧ። ጸሐፊው ይኸን ሁሉ አየት አድርጎ እንዲህ አለኝ።

«ሐጂ፣ ወረቀቷ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። በዚህ ስም የሚያውቃት ቤተሰብም አልተገኘም። አንተ ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ።»

«አትፍራ፣ እናንተ ጋ ሁለት ስም ያለው ሰው አይቻለሁ። ሌላ ስም ካላት ንገረኝ፣ እናቷን እንፈልግላት።»

ከፊሏም «ንገረው ሐጂ፣ ለኔም እፎይታ ነው፣ እናቷን ሳላገኝ አፈር ላልብሳት ነው?» አለ።

አያችሁ? ማንም አላስፈራራኝም። ፖሊስ የለ፣ ጩኸት የለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መግባት ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት ጸሐፊው «ይቅርታ ሐጂ፣ መጀመሪያ ኢቃማህን፣ የምስክሩን ስም ልመዝግብ» አለ። አውጥቼ ሰጠሁት። ወረቀቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንዲሁ እንደ ሥራው ነው ያየኝ፣ ምንም አላሰበም። «ከማል» አለ እየጻፈ። «እሺ ከማል፣ ልጅቱ ሌላ ስም አላት?»

በሞተው ሰው ስም ጠርቶ ጠየቀኝ። እኔም ወረቀቷ ውሸት ነው ብል፣ አንተስ ሽማግሌው የሚለኝ መሰለኝ። እጄ በላስቲኩ ላይ ነበር፣ በአባያዋ ጠርዝ ላይ፣ ክሩ ይጎረብጠኛል። መዳፌን ጫን አደረግሁበት። የሚነበብ ይመስል ሸፈንኩት።

«ሳሚያ ናት» አልኩ። «ሌላ ስም የላትም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሌላ ስም የላትም።»

ከፊሏ አንገቱን ደፋ። ጸሐፊው «ፈርም» አለኝ፣ መጻፍ አላውቅም አልኩት፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ አስነካው። ይቺን ጣት። ዕቃዋንም ለኔ ሰጡኝ፣ የአገሯ ሰው ስለሆንኩ።

ስንት ሳምንት ወረቀቱ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ ተቀበረች። ሄድኩ፣ ተሰለፍኩ፣ ሰገድኩባት። እኔ ነገ ሞቼ የሚሰገድብኝ ስግደት ነው፣ ክብሩን አውቃለሁ። ግን ማተቧን ወገቧ ላይ አስራ ለኖረች ልጅ የሷ ስንብት አልነበረም፣ ይኸንን እዚያ ከቆመው ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን አነሣሁና ዱዓ ላደርግ ስል ስሟን በሆዴ እንኳ መጥራት አቃተኝ። ያን ዕለት እነዚያ ሴቶች በለቅሶው እንደቆሙ፣ እኔም ቆምኩ። እነሱ የዚያችኛዋን ስም ስለማያውቁ ነው። እኔስ?

ከዚያ ልጆቹ ቆሻሻ ይዘው እየወረዱ ይጠይቁኛል። ያቺ የአራተኛ ፎቋ «አባባ፣ የታንጉት ነገር እንዴት ሆነ? እናቷ ሰማች?» አለችኝ። «ተነግሯቸዋል» አልኳት። «ተመስገን!» አለች፣ እንባዋን ጠረገች። «ይኸው ልፋቷ ለራሷ ደረሰላት!» እጄን ሳመችኝ። እጄን! እኔም ዝም ብዬ አስሳምኩ። እሷ ናት ለሌሎቹ የነገረች፣ ስለዚህ ማንም ደግሞ አልጠየቀም። ሁለት ዓመት ሆነው። አባያው በሳጥኔ ውስጥ ነው። እናቷም ይኸን ሁለት ዓመት ልጇ ዛሬ ትደውላለች፣ ነገ ትደውላለች ስትል ነው የኖረች። እንደ ከማል እናት። ሁለት እናት አስጠበቅሁ፣ በአንድ አፍ።

እዚህ ላይ ጨረስኩ። የማታውቁት አንድ ነገር ቀረ፣ እሱን እኔም አላውቀውም፣ አላነብማ። ያ ሳጥን ጋ ያለውን ላስቲክ አቀብለኝ ጀማል። አንተ ደብተሩን ተወውና ይኸን አንብብልኝ።

*

ብዕሬን አስቀምጬ አባያውን ተቀበልኩ። ጠርዙን ገልብጬ የእጥፉን ስፌት ፈታሁት። ውስጡ በቀይ ክር የተሰፋ ጽሑፍ ነው፣ የመጀመሪያው ፊደል ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ ይመስላል፣ ትንሽ ጠምሟል። ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ታንጉት ዋሴ። እናቷ ያለምወርቅ። ላይ ጋይንት። ለባለሱቁ ለጋሽ አያሌው ይደወል፣ እሳቸው ለእናቴ ቀስ ብለው ይንገሯት።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ሽማግሌው «ቀስ ብለው» አሉ ከኔ በኋላ። «ቀስ ብለው ብላለች?»

«አዎ አባባ።»

ከዚያ ኪሳቸው ገብተው የመዳፍ ያህል ጨርቅ አወጡ። በኪስ ብዛት ነጩ ቡላ ሆኗል። «ይኸን ደግሞ። ከማል የሚለውን ዝለለውና የቀረውን አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

«አባባ፣ ከማል የሚል የለውም።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

«የሺፋው ሐሪስ አባባ ይላል። ስማቸውን የነገሩኝ ቀን እጨምርበታለሁ ይላል። ከዚያ ለስም የሚሆን ቦታ ባዶውን ተትቷል።»

ቅድም በአብዱልመጂድ ሲስቁ የነበሩት ሁሉ ወለሉን ያያሉ። ሽማግሌው ጨርቁን ከእጄ ወስደው ባዶውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ክር የሌለበትን። «አውቃ ነው» አሉ። «አውቃ ነው ጨርቁን የሰጠችኝ። አውቃ ነው እጄን የያዘችኝ።» ከዚያ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ጀማል ነው የተነሣ። ስልኩን አወጣና ከአባያው ጠርዝ ቁጥሩን እያየ መታ። ጠራ። ሁላችንም እንሰማለን። በአራተኛው ጥሪ አንድ የሸመገለ ድምፅ «ሃሎ? ማን ልበል?» አለ። ጀማል ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ማን ደወለ ልበላቸው?»

ሽማግሌው ሻሻቸውን ከፊታቸው አነሡ።

«ይመር በላቸው» አሉ። «ይመር ሐሰን፣ ከወረባቦ።» ጀማል አፉን ወደ ስልኩ ሲመልስ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ። ስጠኝ። ይንገሩልኝ ያለችው እኔን ነው፣ እኔው ቀስ ብዬ ልንገራቸው።»